ሰማይም አጥር አለው

በዋሽንግተን አካባቢ አነስተኛ አውሮፕላን ማብረር የሚማር ሰው ካርታውን ሲዘረጋ፣ ክፍት የመሰለው ሰማይ ታጥሮ ያገኘዋል። «ፒ-56» የተባለው ክልል የዋይት ሃውስንና የካፒቶልን ሰማይ ከምድር እስከ 18,000 ጫማ ስለሚሸፍን ያለ ልዩ ፈቃድ አይገባበትም። በ«አር» ፊደል የተመለከተው ደግሞ ተኩስና ሚሳይል የሚኖርበት ክልል ነው፤ ሥራ ላይ ባለበት ሰዓት ሳያስፈቅዱ መግባት ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል። «ኤም ኦ ኤ» የጦር ጄቶች መለማመጃ ነው፤ በዓይኑ እያየ ለሚበር ሲቪል ባይከለከልም ብርቱ ጥንቃቄ ያሻዋል።

የተሳሳተ ሰው ጄት ሊላክበት፣ የማብረር ፈቃዱም ሊታገድበት ይችላል። ስለዚህ ተማሪው ከመነሣቱ በፊት ካርታውንና የዕለቱን የበረራ ማስታወቂያ ይመልከት፤ ከተጠራጠረም በሬዲዮ ይጠይቅ። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባል የለ!