«ዝም ብሎ» የሚጠፋ ኮምፒውተር የለም፦ ብልሽትን በማስረጃ ስለ መመርመር



የዛሬው ርእሴ ከቤተ ሙከራ ሳይሆን ከየቤታችን የመጣ ነው። የመመረቂያ ጽሑፍ ማስረከቢያ በተቃረበ ቁጥር ወደ ቢሮዬ የሚመጡ ተማሪዎች ደጋግመው የሚያሰሙት አንድ አቤቱታ አለ፦ «መምህር፣ ኮምፒውተሬ ዝም ብሎ ይጠፋና ተመልሶ ይነሳል።» ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ጎረቤት «ፎርማት አድርገው» ይላል፤ አንዱ ጠጋኝ «ማዘርቦርዱ ነው» ይላል፤ ሌላው ራም ያስቀይራል። ገንዘቡ ወጥቶ፣ ፋይሉ ጠፍቶ፣ በሦስተኛው ቀን ኮምፒውተሩ እንደ ልማዱ ይጠፋል።

ላሳያችሁ የምፈልገው ነገር አንድ ነው። «ዝም ብሎ» የምንለው ብልሽት ብዙውን ጊዜ ዝም ያለ ሳይሆን እኛ ያልሰማነው ነው። ምክንያቱ ስላልተመዘገበ ምክንያት የሌለው መስሎ ይታየናል። ስለዚህ ከመቀየር መመዝገብ፣ ከመግዛት መመርመር ይቀድማል።

ምርመራው ከመጀመሩ በፊት ግን አንድ ግዴታ አለ፦ የሥራችሁን ቅጂ አውጡ። ኮምፒውተሩ በዲስኩ ላይ እየጻፈ ሳለ ኃይል ቢቋረጥ የተከፈተው ፋይል ሊበላሽ ይችላል፤ ዛሬ የተረፈ ፋይል ነገ ላይተርፍ ይችላል። አንዱን ቅጂ በፍላሽ ወይም በውጫዊ ሃርድ ዲስክ ይዛችሁ ከኮምፒውተሩ ነቅላችሁ አስቀምጡ፤ ሌላውን ከዚያ ቤት ውጭ አኑሩ። ፎርማት ለማድረግም አትቸኩሉ። ፎርማት ፋይላችሁን ብቻ ሳይሆን ስርዓተ ክወናው የያዘውን የብልሽት መዝገብ ጭምር ያጠፋል፤ የሌባው ዱካ ሳይታይ ግቢውን እንደ መጥረግ ነው።

አሁን ወደ ምርመራው እንግባ። የመጀመሪያው ጥያቄ «ለምን ጠፋ?» ሳይሆን «እንዴት ጠፋ?» የሚለው ነው። ሦስት ዓይነት አጠፋፍ አለ። አንደኛው በሥርዓት የሚሆን ነው፤ ፕሮግራሞች ተራ በተራ ይዘጋሉ፣ መልእክት ይታያል፣ ከዚያ ኮምፒውተሩ ይነሳል። ይህ ብዙ ጊዜ ማሻሻያ ወይም የአንድ ፕሮግራም ትእዛዝ ነው። ሁለተኛው ሰማያዊ ስክሪን የሚታይበት ነው፤ ስርዓተ ክወናው ሊያርመው የማይችለው ስህተት ስለገጠመው የከፋ ጉዳት እንዳይደርስ ራሱን ያቆማል። ሦስተኛው እንደ አምፖል ድርግም ብሎ መጥፋት ነው፤ መልእክት የለም፣ ማስጠንቀቂያ የለም።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ዊንዶውስ ከሰማያዊው ስክሪን በኋላ በራሱ እንዲነሳ ተደርጎ ነው የሚመጣው። በዚህም ምክንያት ስክሪኑ ለቅጽበት ታይቶ ስለሚያልፍ ሁለተኛው ዓይነት ሦስተኛውን መስሎ ይታያል። በሲስተም ማስተካከያው ውስጥ ስለ መነሻና ማገገሚያ በሚናገረው ክፍል «በራስህ ተነሳ» የሚለውን ምልክት ብታነሱት ስክሪኑ ቆሞ ይጠብቃችኋል፤ የስህተቱንም ስም ታነባላችሁ።

ሁለተኛው ምስክር መዝገቡ ነው። ኢቨንት ቪወር በሚባለው የዊንዶውስ ፕሮግራም ውስጥ የሲስተም መዝገብን ክፈቱና ኮምፒውተሩ የጠፋበትን ሰዓት ፈልጉ። ቁጥር 1074 ካገኛችሁ መዝጊያው በትእዛዝ የሆነ ነው፤ ያዘዘው ፕሮግራምም ተጽፎ ይገኛል። ከርነል ፓወር ከሚለው ስም ጋር ቁጥር 41 ካገኛችሁ ግን ተጠንቀቁ። ብዙዎች «ፓወር» የሚለውን ቃል አይተው ፓወር ሰፕላይ ለመግዛት ይሮጣሉ። ቁጥር 41 የሚለው ኮምፒውተሩ በሥርዓት ሳይዘጋ እንደገና መነሳቱን ብቻ ነው፤ የሚጻፈውም ከተነሳ በኋላ ነው። መርዶ ነጋሪ ነውና መሞቱን እንጂ ገዳዩን አይናገርም። በዝርዝሩ ውስጥ ያለው የባግቼክ ኮድ ከዜሮ የተለየ ከሆነ ሰማያዊ ስክሪን ነበረ ማለት ነው። ዜሮ ከሆነ ስርዓቱ ምንም ለመጻፍ ፋታ አላገኘም ማለት ስለሆነ ወደ ኃይል፣ ወደ ሙቀት ወይም ወደ ዕቃው መመልከት ይገባል።

በእኛ አገር ከሁሉ አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው ኃይሉ ይመስለኛል። መስመራችን 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው፤ አንዱ ዙር 20 ሚሊ ሰከንድ ይፈጃል ማለት ነው። የዴስክቶፕ ፓወር ሰፕላይ መስመሩ ሲቋረጥ በውስጡ ባጠራቀመው ኃይል በሙሉ ጭነት ወደ 16 ሚሊ ሰከንድ ገደማ እንዲቆይ ይጠበቃል። ይህ ከአንድ ዙር ያነሰ ነው። ጊዜው ሲያልፍ ፓወር ሰፕላዩ ለማዘርቦርዱ «ኃይሉ ደኅና ነው» እያለ ይሰጥ የነበረውን ምልክት ያነሳል፤ ፕሮሰሰሩም ወዲያው ይቆማል። መስመሩ ሲመለስ ኮምፒውተሩ ሊነሳ ይችላል። ዓይናችሁ የአምፖሉን ብልጭታ ሳያይ ኮምፒውተሩ የሚጠፋው ስለዚህ ነው። የፓወር ሰፕላዩ ካፓሲተሮች ባረጁ ቁጥር ይህ ፋታ ያጥራል፤ በአንድ ቤት ካሉ ሁለት ኮምፒውተሮች አንዱ ብቻ የሚጠፋበትም አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

የኤሌክትሪክ ምጣድን አስቡ። ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት የሚስብ ምጣድ በ220 ቮልት እስከ 18 አምፔር ድረስ ይወስዳል። ሽቦው ቀጭን ወይም መጋጠሚያው የላላ ከሆነ፣ ምጣዱ በተለኮሰ ቁጥር በዚያው መስመር ላይ ያለው ቮልቴጅ ይወርዳል። እንጀራ በሚጋገርበት ቀን የሚጠፋ ኮምፒውተር «ዝም ብሎ» አልጠፋም። መድኃኒቱ ማዘርቦርድ መግዛት ሳይሆን ኮምፒውተሩን ከተጨናነቀው ዲቫይደር አውጥቶ በሌላ መስመር ላይ መሰካት፣ የላላውን ሶኬት በባለሙያ ማሳሰር ነው። ስታቢላይዘርና ዩፒኤስም አንድ አይደሉም። ስታቢላይዘር ቮልቴጅን ያስተካክላል እንጂ ኃይል አያጠራቅምም፤ ቅጽበታዊ መቋረጥን የሚሸፍነው ባትሪው ደኅና የሆነ ዩፒኤስ ነው። ላፕቶፕ ያለው ሰው ደግሞ ቀላል ፈተና አለው፦ ቻርጀሩን ነቅሎ በባትሪ ይሥራበት። እንደዚያም ሆኖ ከጠፋ የቤቱ መስመር ነጻ ወጣ።

ከኃይል ቀጥሎ ሙቀት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ የአየሩ እፍጋት ከባሕር ወለሉ በአንድ አምስተኛ ያህል ያነሰ ስለሆነ፣ ያው ፋን በዚያው ፍጥነት እየዞረ የሚያነሳው ሙቀት ያንሳል። በዚያ ላይ አቧራ ሲጨመር ነገሩ ይብሳል። ሆኖም ዘመናዊ ፕሮሰሰር ሲግል መጀመሪያ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ የመጨረሻው ገደብ ላይ ሲደርስ ደግሞ ኮምፒውተሩ ይዘጋል፣ ብዙውን ጊዜም ተዘግቶ ይቆያል። ስለዚህ ከባድ ሥራ ላይ ጠፍቶ እስኪቀዘቅዝ የማይነሳ ኮምፒውተር ወደ ሙቀት ያመለክታል፤ ወዲያው የሚነሳ ግን ይበልጥ ወደ ኃይል ወይም ወደ ራም ይጠቁማል።

ራም ሲጠረጠር ሜምቴስት86ን የመሰለ መፈተሻ ከፍላሽ አስነስቶ ሌሊቱን ማሳደር ነው። ስህተት ከታየ ራሞቹን አንድ በአንድ፣ ከዚያም በየማስገቢያው እያፈራረቁ መፈተን ያስፈልጋል፤ ጥፋቱ የራሙ ሳይሆን የማስገቢያው ሊሆን ይችላልና። ፓወር ሰፕላይን ግን በምንም ምክንያት አትክፈቱ። ከሶኬት ከተነቀለም በኋላ በካፓሲተሮቹ ውስጥ አደገኛ ቮልቴጅ ይቆያል።

ሶፍትዌርንም መርሳት አይገባም። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2003 ብላስተር የተባለው ትል በዓለም ዙሪያ በዊንዶውስ ኤክስፒ የሚሠሩ ኮምፒውተሮችን ከ60 ሰከንድ ቆጠራ በኋላ ያስነሳ ነበር። እ.ኤ.አ. በጥር 2018 ደግሞ ስፔክተር የተባለውን የደኅንነት ክፍተት ለመድፈን ኢንቴል ያወጣው ማይክሮኮድ ራሱ ብሮድዌልና ሃስዌል የተባሉ ፕሮሰሰሮችን እየደጋገመ ስላስነሳ፣ ኩባንያው ስርጭቱ እንዲቆም መክሯል። ስለዚህ «ከመቼ ጀምሮ? ከዚያ በፊትስ ምን ተለወጠ?» ብሎ መጠየቅ የግድ ነው።

አሁን ለእኛ ለተመራማሪዎች ይበልጥ ወደሚቀርበው ጥያቄ ልለፍ፦ ብልሽቱ መወገዱን በምን እናውቃለን? ኮምፒውተራችሁ በአማካይ በ3 ቀን አንድ ጊዜ ይጠፋል እንበል፤ በየትኛውም ሰዓት የመጥፋት ዕድሉም እኩል ይሁን። ምንም ሳይጠገን አንድ ቀን ሙሉ ሳይጠፋ የመዋል ዕድሉ 72 በመቶ ገደማ ነው። «ሌሊቱን አብርቼ አሳደርኩት፤ አልጠፋም» የሚል ጠጋኝ አልዋሸም፤ ያረጋገጠው ነገር ግን ጥቂት ነው። ሦስት ቀን ብትጠብቁ እንኳ በአጋጣሚ ሳይጠፋ የመቆየት ዕድሉ 37 በመቶ ነው። ወደ 5 በመቶ የሚወርደው በ9ኛው ቀን ነው። ደንቡ እንግዲህ ቀላል ነው፦ በሁለት መጥፋቶች መካከል ያለውን አማካይ ጊዜ ሦስት እጥፍ ጠብቁ።

ከዚህ ስሌት ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛ፣ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ። ራሙንም ፓወር ሰፕላዩንም በአንድ ቀን የቀየረ ሰው ኮምፒውተሩ ቢድንለትም ያዳነውን አያውቅም፤ አንዱን ዕቃም በከንቱ ገዝቷል። ሁለተኛ፣ ብልሽቱን ከመሸሽ ይልቅ ጥሩት። በየትኛው ሥራ፣ በየትኛው ሰዓት፣ በየትኛው ሶኬት ላይ ቶሎ እንደሚጠፋ ካወቃችሁ፣ በ3 ቀን ይመጣ የነበረው በ3 ሰዓት ይመጣል፤ የ9 ቀኑም ጥበቃ ወደ 9 ሰዓት ያጥራል።

ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው መሣሪያ አንድ ደብተርና አንድ እስክሪብቶ ነው። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ክፍት የነበረውን ፕሮግራም፣ በቤቱ ውስጥ የበራውን ዕቃ፣ አጠፋፉንና ወዲያው መነሳት አለመነሳቱን ጻፉ። አምስት ስድስት መስመር ሲሞላ «ዝም ብሎ» የሚለው ቃል ከደብተሩ ላይ ይጠፋል፤ በምትኩ «ማታ ማታ»፣ «ቪዲዮ ሲከፈት»፣ «ምጣድ ሲለኮስ» የሚል ይገባል። ወደ ጠጋኝ ስትሄዱም ይህን ደብተር ይዛችሁ ሂዱ። ሐቀኛው ጠጋኝ ያመሰግናችኋል፤ ሌላውም ቢሆን የማያስፈልግ ዕቃ ሊሸጥላችሁ ይቸገራል።

 አሁን መድረኩን ለጥያቄዎቻችሁ ክፍት አደርጋለሁ።