የአንድ ቤት ጣራ ስለ ምን በአንድ ወገኑ ብቻ ያረጃል?

ጠቢቡ ሰሎሞን በመጽሐፈ መክብብ 10ኛ ምዕራፍ ስንፍና ምን እንደሚያስከትል ሲያስተምር፣ ምሳሌ አድርጎ ያነሣው የቤትን ጣራ ነው። ይሁን እንጂ ትጉህ የሆነ አባወራም ቢሆን የጕዳቱን ምክንያት ሳይመረምር ለሥራ ቢነሣ ድካሙና ገንዘቡ ከንቱ ይሆንበታል።

በጋሞ ደጋ፣ ለብዙ ዘመን የቦንኬ ወረዳ መቀመጫ ሆና በኖረችው በገረሴ ከተማ፣ አንድ የቆርቆሮ ቤት አለ እንበል። ጣራው በአንድ ባለሙያ እጅ፣ በአንድ ወቅት ተከድኗል። ከዓመታት በኋላ ግን በደቡብ በኩል ያለው ክንፍ ገና ደኅና ሳለ፣ በሰሜን በኩል ያለው ቀልቶ ተበሳስቷል። እመቤቲቱ በዝናብ ሌሊት የልጆቿን መኝታ ከጥግ ወደ ጥግ ታዛውራለች፤ አባወራውም ለትምህርታቸው ያስቀመጠውን ገንዘብ አውጥቶ ጣራውን በሙሉ ሊለውጥ ያስባል። እንግዲህ የቆርቆሮውን ዋጋ ከመጠየቅ አስቀድሞ፣ አንዱ ክንፍ ሲጎዳ ሌላው እንዴት እንደ ተረፈ መጠየቅ ይገባል። የጕዳቱ ምክንያት በስፍራው ካለ አዲሱም ቆርቆሮ የአሮጌው ዕጣ ይደርሰዋልና።

የቆርቆሮ ጠባይ

ቆርቆሮ ብረት ነው፤ ከዝገት የሚጠብቀው በላዩ የተለበጠው ስስ የዚንክ ሽፋን ነው። ብረትን በዚንክ የመለበጥን ጥበብ ፈረንሳዊው ሶሬል በአውሮፓ አቆጣጠር በ1837 ዓ.ም. በፓተንት አስመዝግቦታል። ዚንኩ በብረቱ ፈንታ እየተበላ ብረቱን ያድናል፤ ሲያልቅ ግን ዝገት ይጀምራል። ሽፋኑን ፈጥኖ የሚጨርሰው እርጥበት ሳይደርቅ መቆየቱ ነው። ስለዚህ የጣራን ሕመም የሚፈልግ ሰው፣ ውሃው በየትኛው ስፍራ ብዙ ጊዜ እንደሚቆይ ይመርምር።

ምልክቱን መለየት

አንድ ክንፍ በሙሉ ከሌላው ቀድሞ ካረጀ ፀሐይንና ጥላን መመልከት ያስፈልጋል። ገረሴ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 6 ዲግሪ ያህል ላይ ስለምትገኝ፣ ከመስከረም መግቢያ እስከ መጋቢት መጨረሻ ድረስ የቀትር ፀሐይ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ ወደ ሰሜን ብትመለስም በእነዚህ ወራት ደመናና ዝናብ ይበዛሉ። በዚህ ምክንያት የሰሜኑ ክንፍ ዘግይቶ ይደርቃል፤ ጣራው በቆመ መጠንም ልዩነቱ ይሰፋል። በአጠገቡ ባሕር ዛፍ ወይም ቀርከሃ ካጠላበት ደግሞ ጕዳቱ ይብሳል።

ዝገቱ እንደ መስመር ተስቦ የሚታይ ከሆነ፣ ቅጠል የተከማቸበትን የቆርቆሮውን ጎድጓዳ፣ ወይም ሁለት ቆርቆሮ የተደራረበበትን ስፍራ ያሳያል። በዚያ የገባ ውሃ ነፋስ ስለማያገኘው ቶሎ አይደርቅም። ዝገቱ በምስማሮች ዙሪያ ብቻ እንደ ነጥብ ከታየ ጕድለቱ የአመታቱ ነው። ምስማር በቆርቆሮው ጉብታ ላይ መመታት ሲገባው ውሃ በሚወርድበት ጎድጓዳ ከተመታ ማፍሰሱ አይቀርም። አንዳንድ ቆርቆሮዎች ብቻ በየስፍራው ካረጁ ውፍረታቸው የተለያየ እንደ ሆነ ይጣራ። በገበያ ላይ የጌጅ ቍጥሩ ከፍ ያለው ቆርቆሮ ስስ ነው፤ ባለ 32 ጌጁ ከባለ 28ቱ ይሳሳል።

ጕዳቱ ከምድጃው በላይ ባለው ስፍራ ብቻ ከሆነ ግን ምክንያቱ ጢስ ነው። በሣር ቤት ውስጥ ጢስ ክዳኑን እያደረቀ ነፍሳትንም እያራቀ ዕድሜውን ያረዝም ነበር። ቆርቆሮ ላይ ግን የእንጨት ጢስ ከሌሊቱ ጠል ጋር ተቀላቅሎ ኮምጣጣ ጥቀርሻ ይሆንና ብረቱን ከውስጥ ይበላዋል። ብዙ ቤተ ሰብ የሣሩን ክዳን በቆርቆሮ ሲለውጥ ምድጃውን በቀድሞ ስፍራው ይተወዋል፤ የቀድሞው መድኃኒትም እንዲህ ባለ ሁኔታ መርዝ ይሆናል።

ምርመራው እንዴት ይደረግ?

ወደ ጣራው ከመውጣት በፊት ከውስጥ መመልከት ይበልጣል። ፀሐይ በበረታ ቀን በርና መስኮት ዘግቶ ወደ ላይ ያየ ሰው ቀዳዳዎቹን እንደ ከዋክብት ያያቸዋል፤ ወዲያው በከሰል ምልክት ያድርግባቸው። ዝናብ ሲዘንብ ደግሞ ጠብታው የወደቀበት ስፍራ ብቻውን አያታልለው። ውሃ በወራጁና በማገሩ ላይ ተንሸራትቶ ከራቀ በኋላ ይንጠባጠባልና፣ ቀዳዳው ዘወትር የሚገኘው ከጠብታው ከፍ ብሎ ነው። ወደ ላይ መውጣት ግድ ከሆነ በደረቅ ቀን፣ መሰላሉን የሚይዝ ሰው አቁሞ፣ ምስማር በተመታበት መስመር ላይ ብቻ መርገጥ ያሻል። ከሥሩ እንጨት የሌለበት የዛገ ቆርቆሮ ሰውን አይሸከምም።

መድኃኒቱ

ከምርመራው በኋላ አስቀድሞ ምክንያቱ ይወገድ። የሚያጠላው ቅርንጫፍ ይቆረጥ፤ ቅጠሉ ከዝናብ ወራት በፊት ከጣራውና ከአሸንዳው ይጠረግ፤ ለጢሱ መውጫ ይበጅለት፤ ቢቻልም ማእድ ቤቱ ለብቻው ይሠራ። የላላው ምስማር ወጥቶ የጎማ ቀለበት ባለው ወፍራም ምስማር ይተካ። ገና ያልተበሳው ዝገት በሽቦ ብሩሽ ተፍቆ ዝገት መከላከያ ቀለም ይቀባ። ተበሳስቶ ያለቀው ቆርቆሮ ብቻ በእኩያው ውፍረት ይለወጥ።

ይህን ትምህርት የጋሞ ሰዎች ከቀድሞም ያውቁታል። በጨንቻ አካባቢ የሚኖሩ ዶርዜዎች ከቀርከሃ ጠልፈው የሚሠሩት ረጅም ቤት ሥሩ በምስጥ ሲበላ፣ የተበላውን ብቻ ቆርጠው ቤቱን ዝቅ ያደርጉታል እንጂ አያፈርሱትም። ቤቱ እያጠረ ቢሄድም ለአሥርተ ዓመታት ያገለግላል። የገረሴውም አባወራ ጣራውን በዚህ ዓይን ቢመረምር፣ ምናልባት የሚለውጠው ጥቂት ቆርቆሮ፣ የሚቆርጠውም አንድ ቅርንጫፍ ሆኖ ያገኘዋል። ለልጆቹ ትምህርት ያስቀመጠውም ገንዘብ ለታሰበለት ነገር ይተርፋል።