ካርቲኒ፦ የሁለት ጌቶች አጥርና አንዲት ትንሽ ትምህርት ቤት

ስለ ሴቶች ጭቆና በሚነገርበት ጊዜ ነገሩን የአባት ወይም የባል ክፉ ጠባይ ብቻ አድርገው የሚመለከቱ አሉ። በሌላ በኩል ባዕድ ገዥ ከተባረረ ቀሪው በራሱ ጊዜ ይስተካከላል ብለው የሚያምኑም አይጠፉም። ሁለቱም አመለካከቶች ጎደሎ መሆናቸውን ለመገንዘብ የጃቫ ተወላጅ የነበረችውን የካርቲኒን አጭር ሕይወት መመርመር ይበቃል። በሃያ አምስት ዓመቷ የተቀጨችው ይህች ሴት የታገለችው ከሁለት ጌቶች ጋር ነበር። ሁለቱ ጌቶች ደግሞ እርስ በርሳቸው የተደጋገፉ ነበሩ። (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ጃቫ ከዛሬይቱ ኢንዶኔዥያ ደሴቶች ሁሉ ብዙ ሕዝብ የሚኖርባት ናት። የሆላንድ ቅኝ አገዛዝ ከ1830 ጀምሮ የጃቫን ገበሬ ከመሬቱ ከፊሉን ለቡና፣ ለሸንኮራ አገዳና ለማቅለሚያ ተክል እንዲያውል አስገደደው። የገበሬውን ጉልበት አሰባስቦ የሚያቀርበው ቡፓቲ የተባለው አገር በቀል የአውራጃ ገዥ ሲሆን፣ ስለዚህ አገልግሎቱ ከምርቱ ድርሻ ይታሰብለት ነበር። ቅኝ ገዥው የባላባቱን ማዕረግና ጃንጥላ አልነካም፤ ባላባቱም በአጸፋው ሕዝቡን ጸጥ አሰኝቶ ያዘለት። የግዴታው እርሻ ከ1870 ወዲህ ደረጃ በደረጃ ቢቀርም ይህ የጥቅም ውል አልፈረሰም።

ካርቲኒ ሚያዝያ 21 ቀን 1879 የተወለደችው ከዚሁ መደብ ነው። አባቷ ሶስሮኒንግራት የጀፓራ ቡፓቲ ነበር። እናቷ ንጋሲራ ግን ከተራው ሕዝብ የተገኘች በመሆኗ የባላባቱ ዋና እመቤት ልትሆን አልቻለችም፤ ያ ክብር የተሰጠው ከመሳፍንት ዘር ለመጣችው ሌላ ሚስት ነው። በመሆኑም ካርቲኒ በማዕረግ ከወለደቻት እናት በላይ ሆና አደገች። የመደብ ልዩነትንና የብዙ ሚስት ጋብቻን የተማረችው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከገዛ ቤቷ ነው።

አባቷ ከዘመኑ ባላባቶች ለየት ብሎ ሴት ልጁን በሆላንድ ቋንቋ ወደሚያስተምር ትምህርት ቤት ላከ። ይሁን እንጂ አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላት ልማዱ አሸነፈ። የመሳፍንት ሴት ልጅ ለጋብቻ እስክትታጭ ከግቢ እንዳትወጣ የሚያግደው ሥርዓት ለአራት ዓመታት ያህል በአጥር ውስጥ ዘጋት። ወንድሟ ሶስሮካርቶኖ ግን ለከፍተኛ ትምህርት ባሕር ተሻግሮ ሆላንድ ገባ። አንድ አባት፣ አንድ ቤት፤ ዕጣው ግን ሁለት!

አጥሩን ያለፈው ብዕሯ ነው። ከ1899 ጀምሮ ስቴላ ዜሃንደላር ከተባለች ሆላንዳዊት ጋር ደብዳቤ ትጻጻፍ ጀመር። ገና በመጀመሪያው የባላባት ማዕረጓን ትተው በስሟ ብቻ እንድትጠራት ጠየቀቻት። በደብዳቤዎቿ ሴት ልጅን ሳትጠየቅ መዳርንና ብዙ ሚስት ማግባትን አወገዘች። የአገዛዙንም ነውር አልሸሸገችም። ሕዝቡን የሚመርዘው ኦፒየም የመንግሥት የገቢ ምንጭ መሆኑን አጋለጠች፤ የሆላንድን ቋንቋ የተማረ ጃቫዊ በዚያው ቋንቋ ሲያነጋግራቸው ቅር የሚላቸውን ሹማምንት ተቸች። ሁለቱንም ጌቶች በአንድ ብዕር መታች ማለት ነው።

ካርቲኒ ለመምህርነት ሆላንድ ሄዳ ለመማር ትመኝ ነበር። ሶሻሊስቱ የሆላንድ ምክር ቤት አባል ቫን ኮል ደገፋት። ሆኖም በ1903 መጀመሪያ የቅኝ ግዛቱ የትምህርት ሹም አቤንዳኖን፣ ውጭ ብትሄድ የገዛ ወገኖቿ አመኔታ እንደሚጎድልባት ነግሮ ሐሳቧን አስለወጣት። በባታቪያ፣ በዛሬይቱ ጃካርታ፣ እንድትማር ፈቃዱ ሲመጣ ደግሞ ሌሎች ሚስቶችና ልጆች ለነበሩት ለረምባንግ ቡፓቲ ታጭታ ነበር። አንዱ ጌታ በምክር፣ ሌላው በጋብቻ መንገዱን ዘጉባት። የተፈቀደላት ገንዘብ ለሱማትራው ወጣት ለአጉስ ሳሊም እንዲሰጥ ለመነች፤ እርሱም በኋላ የነፃይቱ ኢንዶኔዥያ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆኗል።

እዚህ ላይ ተሸነፈች የሚል ይኖር ይሆናል። እኛ ግን ፍርዱን የምንሰጠው ሥራዋን አይተን ነው። በዚያው በ1903 ከእህቶቿ ጋር በጀፓራ ግቢ ለልጃገረዶች ትምህርት ቤት ከፈተች፤ ካገባችም በኋላ በረምባንግ ማስተማሯን ቀጠለች። እውነት ነው፣ ተማሪዎቹ በአብዛኛው የሹማምንት ልጆች ነበሩ፤ የገበሬው ልጅ ገና ከደጅ ነበረች። የጎደላትን ሳንሸፍን እንናገር፦ መደቧ የከለላት ነገር ነበር፤ በዙሪያዋም የተደራጀ የሴቶች ኃይል አልነበረም። መስከረም 17 ቀን 1904፣ ወንድ ልጅ በወለደች በአራተኛው ቀን፣ ሞተች።

ከሞተች በኋላ ስሟን ለመውሰድ ሽሚያ ተጀመረ። አቤንዳኖን በ1911 ደብዳቤዎቿን መርጦና ቀንሶ አሳተመ፤ ለእርሱና ለባለቤቱ የጻፈቻቸው ሙሉ ሆነው የወጡት በ1987 ነው። ሱካርኖ በ1964 ብሔራዊ ጀግና ብሎ ሰየማት። የገርዋኒ የሴቶች ማኅበር ለሠራተኛና ለገበሬ ሴቶች ማንበብን ሲያስተምርና ያለዕድሜ ጋብቻን ሲዋጋ ስሟን ይዞ ነበር። ከ1965ቱ ፍጅት በኋላ ማኅበሩ ታገደ፤ አባሎቹ ተገደሉ፤ ያለ ፍርድም ታሰሩ። ከዚያ እስከ 1998 በዘለቀው በሱሃርቶ አገዛዝ የካርቲኒ ቀን የባህል ልብስና የጨዋ ሚስትነት ማሳያ እንዲሆን ተደረገ። በ1974 በተቋቋመው የመንግሥት ሠራተኞች ሚስቶች ማኅበር የሴቲቱ ሥልጣን የሚለካው በባሏ ወንበር ነበር። ማዕረግ እንዲቀርላት የጠየቀችው ሴት በስሟ ማዕረግ ተሰገደለት!

ከዚህ የምንቀስመው ትምህርት ግልጽ ነው። የባዕድ አገዛዝና የባላባት ልማድ በአንድ ቤት ሁለት መዝጊያ ናቸው፤ አንዱን ከፍቶ ሌላውን መተው ሴቲቱን ከግቢው አያወጣትም። ጀግናን ማክበርም ልብሷን መልበስ ማለት አይደለም። ካርቲኒ ትታ የሄደችው በግቢዋ ውስጥ የተከፈተች አንዲት ትንሽ ክፍልና ፊደል የያዙ ጥቂት ልጃገረዶችን ነበር። ሐውልት ከማቆምና ልብስ ከመደርደር ይልቅ የዚያችን ክፍል በር ከደጅ ለቀረችው ለገበሬውና ለሠራተኛው ልጅ መክፈት ለካርቲኒ የሚገባት መታሰቢያ እርሱ ነው።