ርዕሰ መምህሩ ሲገባ ወሬ የሚቋረጥበት ስታፍ

የዕረፍት ደወል ተደውሎ መምህራኑ ስታፍ ገብተዋል። ሻይ ተቀድቷል፤ የደመወዙ፣ የዝውውሩ፣ ያልደረሰው መጽሐፍ ወሬ ደርቷል። በሩ ተከፍቶ ርዕሰ መምህሩ ብቅ ሲል ሁሉም ዝም ይላል። አንዱ ጠመኔውን ያነሳል፣ ሌላው የውጤት መዝገቡን ማገላበጥ ይጀምራል። ሰውየው ከሦስት ወር በፊት እዚያው አግዳሚ ላይ ተቀምጦ አብሯቸው ያማ የነበረ የፊዚክስ መምህር ነው። ይህ የሆነው እኔ ባስተማርኩበት ትምህርት ቤት ነው፤ ዝም ካሉትም አንዱ እኔ ነበርኩ።

የተለየን ሹመት አግኝቶ ስለኮራ አይደለም። የሥራ አፈጻጸማችንን የሚሞላው እሱ ሆነ፤ ያ ነጥብ ደግሞ የደረጃ ዕድገት ሲመጣ ይታያል። ነጥብ ከሚሰጥ ሰው ጋር ማን ልቡን ገልጦ ያወራል? ወደ ላይ ቢያይ የጉድኝት ሱፐርቫይዘር፣ የወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት፣ ዞን፣ የክልል ቢሮ ተደርድረዋል። ስልኩ ሲጮህ ብዙ ጊዜ የሚሰማው "ሪፖርቱ የት ደረሰ?" የሚል ነው። መምህር መቅጠርም ሆነ ማዛወር አይችልም። የሒሳብ መምህር ሳይመደብ መንፈቀ ዓመቱ ቢያልቅ ግን ወላጅ ቢሮው ድረስ መጥቶ የሚጮኸው በእሱ ላይ ነው።

የ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲገለጽ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። 1,328 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። አገር በቁጥሩ ደነገጠ፤ ተከራከረበትም። ጦርነቱ፣ ኮሮና የዘጋው ጊዜ፣ ሥር የሰደደው ኩረጃ፣ ሁሉም በየተራ ተነሳ። እኔ ግን ሳስብ የነበረው ስለ 1,328ቱ ርዕሳነ መምህራን ነው። እያንዳንዳቸው ወላጅ ፊት ቆመዋል፣ ግምገማ ላይ ተጠይቀዋል፣ ከዚያ በሩን ዘግተው ብቻቸውን ተቀምጠዋል። የክረምቱ የትምህርት ቤት አመራር ሥልጠና ዕቅድና በጀት ያስተምራል። እንዲህ ያለውን ማታ ማን ጋር ደውለህ እንደምታሳልፈው ግን አያስተምርም። ሴት ርዕሳነ መምህራን ጥቂት ስለሆኑ ደግሞ ብዙ ጊዜ በስብሰባው ላይ እንደነሱ ያለች ሌላ ሴት አያገኙም።

አጎራባች ትምህርት ቤቶች የሚደራጁበት መዋቅር ጉድኝት ይባላል። ቃሉ የጓደኛ ዘመድ ነው። ስብሰባው ግን የዕቅድ ክንውን በመቶኛ እየተነበበ ያልቃል፤ ሁሉም ደህና ነኝ ብሎ ይበተናል። የወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤቶችን የምለምነው አንድ ነገር ነው፦ በወር አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ርዕሳነ መምህራኑ ያለ ሱፐርቫይዘርና ያለ ቃለ ጉባኤ ይገናኙ፤ እዚያ የተናገሩትም በምዘና አይያዝባቸው። እናንተም መምህራን፣ ነገ በዕረፍት ሰዓት በሩ ሲከፈት ወሬያችሁን አታቋርጡ። ሻይም ቅዱለት።