የሳምቡሳ ዘይትና የወፍጮው ሞተር

ፈላና በር ከሐረር ጥንታዊ በሮች አንዱ ነው። ሐረሪዎች አሱም በሪ ይሉታል። ከበሩ ወጣ ብሎ አንድ የናፍጣ ወፍጮ አለ። ባለ ወፍጮው ከእኛ ዘንድ ፊደል የሚቆጥሩ አባት ናቸው። አንድ ማለዳ ብንሄድ ወፍጮው ጸጥ ብሏል። እናቶች ማሽላቸውን አስቀምጠው ተሰልፈዋል።

«ልጆቼ፣ የሳምቡሳ ዘይት ይነድ የለ? ናፍጣ ቢወደድብኝ ሁለት ሳምንት ቀላቀልኩበት» አሉን።

አልሳቅንም። ሐሳቡ የሞኝ ሐሳብ አይደለምና። ይህን ሞተር የፈለሰፈው ጀርመናዊው ሩዶልፍ ዲዝል ነው። በ1892 ዓ.ም. (በፈረንጅ 1900) በፓሪስ ኤግዚቢሽን አንድ የዲዝል ሞተር በኦቾሎኒ ዘይት ሠርቷል። ኦቾሎኒ እኮ ነው! ባቢሌ የሚበቅለው ዓይነት።

ታዲያ የእኛው ለምን ቆመ? መካኒኩ ፊልትሮውን ፈታ። ዘይቱ በሌሊቱ ብርድ ረግቶ ደፍኖታል። ገበያ ላይ የሚሸጠው ዘይት ብዙውን ጊዜ የፓልም ነው፤ ሲቀዘቅዝ እንደ ቅቤ ይረጋል። ኖዝሉም ጥላሸት ይዟል። የምግብ ዘይት ከናፍጣ አሥር እጥፍ ያህል ይወፍራል። ኖዝሉ እንደ ጉም መርጨት ሲገባው ያንጠባጥባል። ያልነደደው ፋሻውን ያጣብቃል፤ ወደ ሞተር ዘይቱም ወርዶ እንደ ሙጫ ያወፍረዋል። ያን ጊዜ ሞተሩ ሄደ ማለት ነው።

መንገዱ ግን አለ። ዘይቱ ለቀናት ይርጋ፤ ዝቃጩ ይቅር፤ ላይኛው በጥሩ ጨርቅ ይጠለል። ውሃ እንዳለው ለማወቅ ጠብታውን በጋለ ምጣድ ላይ ጣል ያድርጉ። ከተንጣጣ ውሃ አለበት፤ ውሃ ደግሞ ፖምፓ ያዝጋል። ሁለት የነዳጅ ታንከር ያስፈልጋል። ሞተሩ በናፍጣ ይነሣል። ሲግል፣ በሞተሩ ሙቀት እስከ 70 ወይም 80 ዲግሪ የሞቀ ዘይት ይለቀቅለታል። ከማጥፋት በፊት ወደ ናፍጣ ይመለሳል፤ ይህን የረሳ ነገ ማለዳ አይፈጭም። ዘይት ዘግይቶ ስለሚነድ የመርጫውን ሰዓት ጥቂት የሚያስቀድሙ አሉ። ይህ ግን የመካኒክ ሥራ ነው። ጭሱ ከጠቆረ ነዳጁ በደንብ አልነደደም። ሐረር ከ1,800 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ጭስ ይበዛል።

በኋላ ባለ ሳምቡሳዎቹን ጠየቅን። ሦስቱ በሳምንት የሚተርፋቸው አንድ ጀሪካን አይሞላም። ወፍጮው በስንት ሰዓት ይጨርሰዋል መሰላችሁ? እዚህ ዘይት የሚደፋ ሰው የለም።

ኖዝሉ ተጠረገ፣ ፊልትሮው ተለወጠ። ከቀትር በኋላ ማሽላው ተፈጨ። ባለ ወፍጮው ጠመኔ ለምነውን በጀሪካኖቹ ላይ «ናፍጣ»፣ «ዘይት» ብለው ራሳቸው ጻፉ። «ፍ»ን አንዴ ሳቱ፤ በእጃቸው ጠርገው አስተካከሉት።