«ደህና ነኝ» ብሎ የተነሳ ሰው ከሰዓታት በኋላ ለምን ይወድቃል?

ከሞተር የወደቀ ልጅ ተነስቶ አቧራውን እያራገፈ «ምንም አልሆንኩም» ሲል ሁላችንም እፎይ እንላለን። አንዳንዴ ግን ችግሩ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው።

እ.ኤ.አ. በማርች 2009 ተዋናይት ናታሻ ሪቻርድሰን ካናዳ፣ ኩቤክ ውስጥ የበረዶ ሸርተቴ ስትማር ወደቀች። ቦታው የጀማሪዎች ነበር። ስታወራ፣ ስትስቅ ስለነበር የመጣው አምቡላንስ ተመለሰ። አንድ ሰዓት ገደማ ቆይቶ ራሷን አመማት። ከሁለት ቀን በኋላ ሞተች፤ 45 ዓመቷ ነበር።

ምን ተፈጠረ? ከጆሮ ከፍ ብሎ ያለው የራስ ቅል አጥንት ስስ ነው፤ ከሥሩ ደግሞ የደም ቧንቧ ያልፋል። አጥንቱ ሲሰነጠቅ ቧንቧው ሊቀደድ ይችላል። ደሙ በአጥንቱና በአንጎል ሽፋን መሃል ይጠራቀማል። የራስ ቅል እንደ ሆድ አይለጠጥም፣ ስለዚህ የሚጨመቀው አንጎል ነው። እስኪጨመቅ ድረስ ግን ሰውየው እንደ ጤነኛ ያወራል።

ሌላም አለ፦ ከሽፋኑ ሥር ቀስ ብሎ የሚፈስ። አረጋውያንና ደም ማቅጠኛ የሚወስዱ ሰዎች ላይ ከሳምንታት በኋላ ሊታይ ይችላል። አያታችን መዘባረቅ ሲጀምሩ «እርጅና ነው» ብለን እናልፋለን፤ ከወር በፊት በር እንደመታቸው ማን ያስታውሳል?

ሐኪሙ መጀመሪያ ዓይን መግለጥን፣ ንግግርንና እንቅስቃሴን አይቶ ከ3 እስከ 15 ነጥብ ይሰጣል። 8 እና ከዚያ በታች ከባድ ነው። ቁርጡን የሚነግረው ሲቲ ስካን ነው፤ አዲስ ደም ነጭ ሆኖ ይታያል። እዚህ ጋር ልብ በሉ፦ ተራ ራጅ አጥንት እንጂ ደም አያሳይም። «ራጅ ተነስቶ ነፃ ነው ተባለ» ማለት አልደማም ማለት አይደለም።

ትንሽ ደም ከሆነ ሆስፒታል ተኝቶ ክትትል ይደረግለታል። ብዙ ከሆነ የራስ ቅሉ ተከፍቶ የረጋው ደም ይወጣል፣ ቧንቧውም ይዘጋል። የቆየና የቀጠነ ደም በትንሽ ቀዳዳ ሊፈስ ይችላል።

እየባሰ የሚሄድ ራስ ምታት፣ ተደጋጋሚ ትውከት፣ አልነቃ ማለት፣ የአንድ ጎን መዛል፣ መንቀጥቀጥ፣ የአንዱ ዓይን ብሌን መስፋት ካያችሁ «ተኝቶ ይረፍ» አትበሉ። ቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። እስኪመጣ ስልካችሁ ላይ ጻፉ፦ በስንት ሰዓት ተመታ፣ ራሱን ስቶ ነበር ወይ፣ ስንቴ አስመለሰው፣ ምን መድኃኒት ይወስዳል።