በደጋ አገር ለስላሳ የሳንድዊች ዳቦ ስለ መጋገር

ነጭ ዱቄትና ደረቅ እርሾ በችርቻሮ የሚሸጥ ነጋዴ ሁሉ ከደንበኞቹ ደጋግሞ የሚሰማው አንድ አቤቱታ አለ። ይኸውም፤ «ከእናንተ የገዛሁት ዱቄት ዳቦ አልሆነልኝም፤ ኩፍ ካለ በኋላ ተመልሶ ረገበ፤ የተረፈውም በማግሥቱ ደረቀ» የሚል ነው። ሻጩም የሚሰጠው መልስ ስለሚያጣ ወይ ዱቄቱን ይለውጣል፤ ወይም ደንበኛውን ያጣል። በጸሐፊነት በማገለግልበት የንግድ ቤት እንዲህ ያለው አቤቱታ በቃልም በደብዳቤም ይደርሰናል። መልሱን የማዘጋጀቱ ሥራ የእኔ ድርሻ ስለ ሆነ ነገሩን ከሥሩ መመርመር ግድ ሆነብኝ። የተረዳሁትም ፍሬ ነገር፤ ብዙ ጊዜ ለጥፋቱ ተጠያቂው ዱቄቱ ሳይሆን በእርሾው ፓኬት ጀርባ የታተመው መመሪያ መሆኑን ነው። መመሪያው ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን በባሕር ጠረፍ ለሚኖር ሰው የተጻፈ ነው።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቈረቈረች ከተማ መሆኗ የታወቀ ነው። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ከሚገኘው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ስለ ሆነ፤ እርሾው በሊጡ ውስጥ የሚፈጥረው ጋዝ የሚጫነው ነገር ቀልሎለት በቶሎ ይነፋል። ክፍሉ ሞቅ ያለ እንደ ሆነ ሊጡ በመመሪያው ከተባለው ጊዜ አስቀድሞ ኩፍ ብሎ ይጨርሳል። ጋጋሪዋ ግን መመሪያውን አምና ሰዓቷን እየተመለከተች ትጠብቃለች። በዚህ መካከል ሊጡን ደግፎ የያዘው መረብ ከመጠን በላይ ተወጥሮ ይላላል፤ ወደ ምድጃ በገባም ጊዜ መሸከም ያቅተውና ይወድቃል። ከዚህም ሌላ የደጋው አየር ደረቅ በመሆኑ በመደርደሪያ ላይ የከረመ ዱቄት ከርጥበቱ ጥቂት ስለሚያጣ፤ በመመሪያው የተጻፈው ውሃ አይበቃውም።

ከሁሉ ይልቅ ሰው የማይጠረጥረው ግን የሙቀቱን ነገር ነው። በአዲስ አበባ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። የዳቦም ውስጡ እርጥበት እስካለው ድረስ ውሃው ከሚፈላበት ልክ አልፎ ሊሞቅ አይችልም። በዳቦ ውስጥ የሚሰካ የሙቀት መለኪያ የሚሸጡ ነጋዴዎች ይህን ልብ ሊሉት ይገባል። የውጭ አገር መጻሕፍት ውስጡ 96 ዲግሪ ሲደርስ ይውጣ እያሉ ያዝዛሉና። በአዲስ አበባ ግን 96 ዲግሪን የሚጠብቅ ሰው የሚያገኘው ዳቦ ሳይሆን ድርቆሽ ነው። እዚህ 90 ዲግሪ በቂ ነው።

የሳንድዊች ዳቦ የምንለው፤ በአራት ማዕዘን ቆርቆሮ የሚጋገረውን፤ ቅርፊቱ ስስ፤ ውስጡም ትልልቅ ቀዳዳ የሌለውና ሲቈረጥ የማይፈረፈረውን ነጭ ዳቦ ነው። ገበያውን እጅግ ያሰፋለት ኦቶ ሮህዌደር የተባለ አሜሪካዊ የፈለሰፈው የዳቦ መቍረጫ መኪና ነበር። በዚህ መኪና የተቈረጠ ዳቦ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሽያጭ የቀረበው በሚዙሪ ግዛት ቺሊኮቲ በተባለች ከተማ፤ በአውሮፓ አቈጣጠር ጁላይ 7 ቀን 1928 ነው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱትም ዓመታት በዚሁ አቈጣጠር ናቸው።) ተቈርጦና ተጠቅልሎ የሚሸጥን ዳቦ ገዢው ውስጡን አሽትቶና ቀምሶ ሊመረምረው ስለማይችል፤ በጣቱ ጫን ብሎ ይፈትነዋል። ልስላሴ የንግድ ዋጋ ያገኘው እንዲህ ነው። እኛም ብንሆን ለልስላሴ እንግዶች አይደለንም፤ ድፎ ዳቦ በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ ከላይና ከታች እሳት ሲነድበት እንፋሎቱ ወጥቶ እንዳያልቅ መጠበቁ ለዚሁ ነውና።

አሁን ወደ ዱቄቱ እንመለስ። ለዳቦ የተመቸ ዱቄት ከመቶ 11 ተኩል እስከ 13 እጅ ፕሮቲን ያለው ነው፤ ለኬክ የሚሆነው ግን ከ7 እስከ 9 እጅ ብቻ ይኖረዋል። ይህ ፕሮቲን ከውሃ ጋር ሲታሽ ግሉተን የተባለውን ተለጣጭ መረብ ይሠራል፤ ጋዙንም ይዞ የሚያቈየው ይኸው መረብ ነው። በከረጢቱ ላይ «ነጭ ዱቄት» ተብሎ መጻፉ ስለ ቀለሙ እንጂ ስለ ጕልበቱ የሚነግረን ነገር የለም። ስለዚህ ጅምላ ሻጩ ዱቄቱን ከማዘዙ በፊት የፕሮቲኑን ልክ ከፋብሪካው በጽሑፍ ቢጠይቅ መልካም ነው። በእርግጥ ቍጥሩ ብቻውን ሁሉን አይፈርድም። አገራችን በዝርያው ብዛት የታወቀችበት፤ ሩሲያዊው ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭም በ1927 መጥቶ ናሙናውን የሰበሰበው የዱረም ስንዴ፤ ፕሮቲኑ ብዙ ሊሆን ይችላል። ግሉተኑ ግን እንደ ዳቦ ስንዴ ስለማይለጠጥ ለማካሮኒ ይመረጣል እንጂ ለዚህ ዐይነቱ ዳቦ አይሆንም።

ስለ እርሾው ለአስመጪዎች የምናገረው አለኝ። ደረቅ እርሾ ሕይወት ያለው ነገር ነው፤ አየር በሌለው ማሸጊያ ውስጥ በቀዝቃዛ ስፍራ ከተቀመጠ ሁለት ዓመት ያህል ይቈያል። ነገር ግን ከሰኔ እስከ ነሐሴ ባሉት ወራት የጅቡቲ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ በፀሐይ የዋለ ኮንቴይነር ውስጡ ደግሞ ከዚያ ይብሳል። በዚያ ለሳምንታት የተጋገረ እርሾ በፓኬቱ ላይ የተጻፈው የማብቂያ ቀን ሳይደርስ ይደክማል። ዕቃው መጋዘን ሲገባ ከየካርቶኑ አንዳንድ ፓኬት አውጥቶ መፈተን ብዙ ክርክር ያስቀራል። ፈተናውም ቀላል ነው፤ አንድ የሻይ ማንኪያ እርሾ ከጥቂት ስኳር ጋር ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ተበጥብጦ በዐሥር ደቂቃ አረፋ ካላነሣ ለሽያጭ መቅረብ የለበትም። ለደንበኛውም ፓኬቱ ከተከፈተ በኋላ አየር በማያስገባ ዕቃ ተዘግቶ በማቀዝቀዣ እንዲቀመጥ መንገር ይገባል።

ልስላሴን ለማግኘት ስቡና ወተቱ ይረዳሉ፤ ስኳሩም እርጥበት ይይዛል። ዋናው ምስጢር ግን ሌላ ነው። ጃፓኖች ከዱቄቱ ጥቂቱን ለይተው በፈላ ውሃ አሽተው ወደ ሊጡ ይጨምሩታል፤ በቻይናም ዱቄቱን በወተት ወይም በውሃ አሙቀው እንደ ሙቅ ወፍራም እስኪሆን የሚያዘጋጁበት መንገድ አለ። ስታርች 65 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ የጠጣውንም ውሃ በምድጃ ውስጥ በቀላሉ አይለቅም። ይህን እንደ አዲስ ግኝት በውድ ዋጋ በታተሙ መጻሕፍት ሳነብ ፈገግ ማለቴ አልቀረም። እናቶቻችን ከቦካው የጤፍ ሊጥ ጥቂቱን ቀድተው በውሃ አፍልተው ወደ ቡኾው የሚመልሱት አብሲት፤ በዐይነቱ ከዚህ የተለየ አይደለምና። እንጀራን የሚያለሰልሰው አብሲት ዳቦንም ያለሰልሳል። ደጋነታችንም እዚህ ላይ አያግደንም፤ 65 ዲግሪ ከ92 በታች ነውና።

እንግዲህ ርዝመቱ 23፤ ስፋቱ 13 ሳንቲ ሜትር ለሆነ ቆርቆሮ የሚበቃው መጠን እንደሚከተለው ነው። ከ450 ግራም ዱቄት ላይ 25 ግራሙ ተለይቶ በ125 ግራም ወተት ተበጥብጦ፤ በቀስታ እሳት እየተማሰለ እስኪወፍር ይሞቅና ይቀዝቅዝ። ይህ አብሲቱ ነው። የቀረው 425 ግራም ዱቄት ከአብሲቱ፤ ለብ ካለ 200 ግራም ወተት፤ ከ30 ግራም ስኳር፤ ከ8 ግራም ጨውና ከ5 ግራም ደረቅ እርሾ ጋር ይለወሳል። የውጭው መመሪያ 7 ግራም እርሾ ይል ነበር፤ ሁለቱን ግራም ያስቀነሰን ከፍታው ነው። ሊጡ ከደረቀ አንድ ወይም ሁለት የሾርባ ማንኪያ ወተት ይጨመርበታል፤ ዱቄት ግን አይጨመር። በእጅ ላይ የሚጣበቅ ሊጥ ያየ ሰው ወዲያው ዱቄት መነስነስ ይቀናዋል፤ ብዙው ደረቅ ዳቦ የሚመጣው ከዚህ ልማድ ነው። ሊጡ ከተያያዘ በኋላ 40 ግራም የለሰለሰ ቅቤ ገብቶበት፤ ከሊጡ ቈንጠር ተደርጎ ሲለጠጥ ሳይቀደድ ብርሃን እስኪያሳልፍ ድረስ ይታሽ። ይህም በእጅ 15 ደቂቃ ያህል ይፈጃል።

ከዚያ በኋላ ሰዓት መመልከት ቀርቶ ሊጡን መመልከት ይገባል። እጥፍ ሲሆን በቂ ነው። ጋዙ በመዳፍ ወጥቶ፤ ሊጡ ተጠቅልሎ፤ መጋጠሚያው ወደ ታች ሆኖ ቅቤ በተቀባው ቆርቆሮ ይቀመጣል። የባሕር ጠረፍ ሰዎች ሊጡ ከቆርቆሮው ከንፈር ሁለት ሳንቲ ሜትር አልፎ እስኪወጣ ይጠብቃሉ፤ በደጋ ግን ከከንፈሩ ጋር እንደ ተስተካከለ ወደ ምድጃ ይግባ፤ የቀረውን እዚያው ያድጋል። በ190 ዲግሪ ከ30 እስከ 35 ደቂቃ ይጋገራል። ሲወጣ ወዲያው ከቆርቆሮው ተለይቶ አየር በሚያገኝበት ነገር ላይ ይቀመጥ፤ ፈጽሞ ሳይቀዘቅዝም ቢላዋ አይንካው፤ ትኩስ ዳቦ ሲቈረጥ እንፋሎቱ ያመልጣልና።

አቈያየቱን በሚመለከት ብዙ ሰው የሚያምነው ዳቦ የሚደርቀው ውሃው ተንኖ ነው ብሎ ነው። ፈረንሳዊው ቡሴንጎ ግን በ1852 እርጥበቱ እንዳያመልጥ ተጠብቆ የተዘጋ ዳቦም እንደሚደርቅ፤ መልሶ ሲሞቅም እንደሚለሰልስ አሳይቷል። ምክንያቱ ስታርቹ ከተጋገረ በኋላ ቀስ በቀስ ተመልሶ የሚጠጥር መሆኑ ነው። ይህ መጠጠር ከሁሉ የሚፈጥነው በማቀዝቀዣ ውስጥ ባለው ቅዝቃዜ ሲሆን፤ በበረዶ ቤቱ ግን ይቆማል ለማለት ይቻላል። ስለዚህ በሁለት ወይም በሦስት ቀን የሚበላው ዳቦ በፕላስቲክ ከረጢት ሆኖ በጓዳ ይቀመጥ፤ የሚተርፈው ተቈርጦ በበረዶ ቤት ይግባ። ከሁለቱ መካከል የሚገኘው መደርደሪያ ከሻጋታ ይጠብቀው እንደ ሆነ እንጂ ለልስላሴው ጠላት ነው።

ስለ ዳቦ ማሻሻያ ዱቄቶች ባጭሩ ልናገር። አስመጪው በመግለጫው ላይ ፖታሲየም ብሮሜት የሚል ቃል ካየ ትእዛዙን ቢተው ይሻለዋል። ይህ ንጥረ ነገር በ1999 በዓለም አቀፉ የካንሰር ጥናት ድርጅት በሰው ላይ ካንሰር ሊያመጡ ከሚችሉት ጋር ተመድቧል፤ እንግሊዝ በ1990፤ ሕንድም በ2016 ከልክላዋለች። በእርሱ ፋንታ አስኮርቢክ አሲድ፤ ማለት ቪታሚን ሲ፤ ይበቃል፤ በቤት ለሚጋግር ሰው ግን አንዱም አያስፈልገውም።

ባለ ሱቆች ከዚህ በላይ የተሰጠውን መጠን በትንሽ ወረቀት አሳትመው ከእርሾው ፓኬት ጋር ቢሰጡ ወጪው እምብዛም አይደለም። ወረቀቱ የት እንደሚሸጥ ግን ይታሰብበት። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ያህል ብቻ ከፍታ ስላላት ውሃ በ96 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ስለዚህ እዚያ ዳቦው 93 ወይም 94 ዲግሪ እስኪደርስ ይጠበቃል። በእርሾው ረገድ ከፍታው ባያስገድድም የአገሩ ሙቀት ራሱ ሊጡን ስለሚያፋጥነው፤ 5 ግራሙ እንዳለ ሆኖ ወተቱ ሳይሞቅ ከማቀዝቀዣ እንደ ወጣ ቢጨመር ይሻላል።